የጤና ጥያቄ፦ ጉም አይደለም፣ ጭስ ነው

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጭስ ናቸው። አይገርምም። ህዳር ገባ፣ ዝናቡ ቆመ። ማልዶ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ባህር ዳርን ቁልቁል ያየ ሰው ከዘንባባዎቹ በላይ የተኛውን ግራጫ ነገር ጉም ነው ሊል ይችላል፤ ወረድ ብሎ አንድ ጊዜ ከሳበው ግን ይገባዋል። ጉም የከሰልና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ የለውም።

ስማችን አይውጣ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ የሁላችሁንም ትቼ ሰፈራችሁን ብቻ ጽፌያለሁ። የፋብሪካ ስም የጠቀሳችሁም አላችሁ፤ እሱንም አውጥቼዋለሁ።

«ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጣና ዳር እሮጣለሁ። ጓደኞቼ የጠዋት አየር መድኃኒት ነው ይላሉ። ሰሞኑን ግን ስመለስ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ አክታዬም ጠቆር ይላል። ሐይቅ ዳር እየሮጥኩ እንዴት እንዲህ ይሆናል?» ከሺምብጥ

ወንድሜ፣ የጓደኞችህ ምክር ለክረምት ይሠራል። ለህዳርና ለታህሳስ ግን አይሆንም።

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ መሬቱን የነካው አየርም አብሮት ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እዚያው ይተኛል፤ ከላዩ ያለው ሞቅ ያለ አየር ደግሞ እንደ አክንባሎ ይከደንበታል። ማታ የተጋገረው፣ የተጠበሰው፣ በየጥጋጥጉ የተቃጠለው ሁሉ ከክዳኑ ሥር ታፍኖ ያድራል። ሲነጋ ደግሞ ቤቱ ሁሉ እሳት ያነዳል፣ ባጃጁ ይነሳል፣ ሲኖትራኩ ይነሳል። ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ የምትስበው የትናንትንም የዛሬንም ጭስ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው፣ ሦስት አራት ሰዓት ገደማ፣ አክንባሎው ይነሳል፤ ጭሱም ወደ ላይ ይበተናል።

ሐይቁስ ካልከኝ፣ ቀን ቀን ይረዳናል። መሬት ከውሃ ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ይገባል። ሌሊት ይገለበጣል፤ መሬቱ ከውሃው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ አየሩ ከከተማው ወደ ሐይቁ ይወጣል። እንግዲህ ንጋት ላይ ሐይቅ ዳር የሚሮጥ ሰው የከተማዋ ጭስ መውጫ በር ላይ ነው የሚሮጠው።

ሩጫውን ግን እንዳትተወው። ሰዓቱን ብቻ ቀይር። እስከ የካቲት ድረስ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ወይም ሥራ ካለህ ማታ እሳት ሳይነድ በፊት፣ 10 ሰዓት ገደማ። መኪና ከሚበዛበት አስፋልትም ራቅ በል።

ስለ አክታው ደግሞ አትደንግጥ። የምታየው ጥቁር ነገር አፍንጫህና ጉሮሮህ ይዘው ያስቀሩት ትልቁ ጥቀርሻ ነው፤ እሱ ሳይገባ ተይዟል። የሚያሳስበው የማይታየው ብናኝ ነው። ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች ነው፤ የአንዲት ፀጉር ውፍረት ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይበልጠዋል። ይሄኛው ሳንባ ጫፍ ድረስ ይወርዳል፣ ከፊሉም ወደ ደም ይሻገራል። የጭስ ጉዳት ከሳል አልፎ የልብ ሕመምና ስትሮክ ድረስ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም፣ የአንድ ቀኑ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶው ከመመሪያው በላይ የቆሸሸ አየር ይተነፍሳል። ባህር ዳር ብቻዋን አይደለችም፤ ይሄ ያጽናና እንደሆነ እንጃ።

«ፈተላ ክፍል ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰኞ ሰኞ ደረቴን ጭምቅ አድርጎ ይይዘኛል፣ ያስለኛል። ማክሰኞ ቀለል ይለኛል፣ ሐሙስ ደህና ነኝ። እሑድ አርፌ ስገባ እንደገና ሰኞ ይነሳብኛል። አለቃዬ የሰኞ ስንፍና ነው ይለኛል። ለአቧራው ተብሎ ወተት ይሰጠናል። ሳንባ ያጥባል የሚባለው እውነት ነው?» ከአባይ ማዶ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስንፍና ደረት አያፍንም። ሳታውቂው የጻፍሽልኝ የአንድ የታወቀ በሽታ ታሪክ ነው፤ ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል፣ በብዙ አገር ደግሞ የሚታወቀው በሰኞ ነው።

ጥጥ ሲፈታ፣ ሲባዘትና ሲፈተል ብናኝ ይወጣል። ብናኙ ላይ ጥጡ ማሳ ሳለ የተጣበቁ የባክቴሪያ ርዝራዦች አሉ፤ የአየር ቧንቧን የሚያስቆጣውና የሚያጠበው በዋናነት እነሱ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ውስጡ ስትውይ ሰውነትሽ ለመድ ያደርገዋል። እሑድ አርፈሽ ስትመለሺ ልማዱ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይቆጣል። መጀመሪያ ሰኞ ብቻ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ማክሰኞም ይጨመራል፣ ረቡዕም። በመጨረሻ እሑድም የሚያፍን ይሆናል፤ እዚያ ከደረሰ ሳንባው ወደ ነበረበት አይመለስም። አንቺ ግን በጻፍሽው መሠረት ገና ሰኞ ላይ ነሽ። በዚህ ደረጃ ከብናኙ የራቀ ሰው ይሻለዋል።

ወተቱን በተመለከተ፦ ወተት በምግብ ቧንቧ ወደ ሆድ ይሄዳል፣ አቧራው የሄደው በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ ነው። ሁለቱ መንገዶች ጉሮሮ ላይ ይለያያሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይገናኙም። ወተቱን ጠጪው፣ ምግብ ነው፣ ለአጥንትሽም ጥሩ ነው። ነገር ግን በአየር መሳቢያና በደህና ማስክ ፈንታ ወተት ብቻ የሚሰጥሽ ከሆነ በርካሽ ነው የሸኙሽ።

ምን ታደርጊ? ሆስፒታል ሂጂና ገና ከመቀመጥሽ ሥራሽ ምን እንደሆነ ተናገሪ፤ ሳትጠየቂም ቢሆን። እኔም ካርድ ክፍል ሞልቶ ወረፋው እየጮኸብኝ «ምን ትሠሪያለሽ?» ሳልል ያሳለፍኳቸው ብዙ ናቸው፣ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። ሥራሽ ካልታወቀ አስም ተብለሽ መድኃኒት ተጽፎልሽ ወደዚያው አቧራ ትመለሻለሽ። የትንፋሽ ኃይል የሚለካ፣ በአፍ የሚነፋ ቀላል መሣሪያ አለ። ሰኞ ከመግባትሽ በፊትና ከሥራ ስትወጪ ብትለኪ፣ ሲወጡ ያለው ቁጥር በግልጽ ከወረደ ከአለቃሽ ጋር መከራከር አይኖርብሽም፤ ወረቀቱ ይከራከርልሻል። ከዚያ ብናኝ ወደሚያንስበት ክፍል እንዲያዛውሩሽ በጽሑፍ ጠይቂ። የሠራተኛውን ደህንነት መጠበቅና የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ እንደሆነ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ላይ ተጽፏል። የጨርቅ ማስክ ለትልልቁ እንጂ ለደቃቁ ብናኝ ብዙም አይረዳም፤ ኤን 95 የሚባለው፣ አፍንጫ ላይ ጥብቅ የሚለው፣ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳልሽ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ ከቆየ፣ ሰኞም ሆነ አርብ፣ የቲቢ ምርመራም ይደረግልሽ። ሁሉን ነገር በአቧራ ማሳበብም ጥሩ አይደለም።

«ማደሪያ አጥተን ፔዳ አካባቢ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተናል። መብራት ሲጠፋ በከሰል እናበስላለን፣ ብርድ ስለሆነም ማንደጃውን ውስጥ ትተነው እንተኛለን። ፍሙ ከቀላ ጭስ የለውምና ችግር የለም አይደል?»

አለው! ዛሬ ማታ አታድርጉት። ሌላውን ደብዳቤ ባታነቡት ይሄን አንብቡ።

የቀላ ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ እየተነፈሳችሁ ትታፈናላችሁ። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ድብርትና እንቅልፍ። ክፉነቱ እንቅልፉ ላይ ነው፤ የተኛ ሰው ራሴን አመመኝ ብሎ አይነሳም። ሦስታችሁም በአንድ ማታ ራሳችሁን ካመማችሁ ጉንፋን ነው አትበሉ፣ ውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ጎትታችሁ ወደ ውጭ አየር አውጡትና ወደ ጤና ተቋም፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ወተትም ሎሚም አፉ ውስጥ አታንጠባጥቡ፣ ያንቀዋል። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። ለብርዱ አንድ ብርድ ልብስ ጨምሩ።

«የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሹ ልጄ በዓመት ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ይዞት ተኝቷል። ባለቤቴ ከሰፈራችን ማዶ ያለው ፋብሪካ ነው ያመጣብን፣ ቤት እንቀይር ይላል። እውነቱን ነው?» ከቀበሌ 14

እህት፣ ፋብሪካውን ነፃ አላወጣም፣ ወደ እሱ ከታች እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እንጀራ ስትጋግሪ ልጁ የት ነው?

ጀርባሽ ላይ ነው ካልሽኝ ቤት መቀየሩ ይቆይ። ጭስን ርቀት ያሳሳዋል፤ ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ የወጣው አንቺ ጋ እስኪደርስ ብዙ አየር ውስጥ ይበተናል፣ ከምጣዱ ሥር የወጣው ግን ከልጁ አፍንጫ በክንድ ርቀት ላይ ነው፣ ያውም በተዘጋ ማድ ቤት። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጨትና ኩበት በሚነድበት ጊዜ የማድ ቤት አየር ውስጥ ያለው ብናኝ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠር ማይክሮግራም ይለካል። ከላይ ለሯጩ የጻፍኩትን 15 አስታውሺ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የቤት ውስጥ ጭስ ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸውን በእጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ሕፃን ከአዋቂ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ከክብደቱ አንጻር ካንቺ ይበልጥ ይስባል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለሽ መብራት ባለበት ሰዓት ጋግሪ፣ ሌሊትም ቢሆን። ከሌለሽ ምርጥ ምድጃ የሚባለው፣ በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ክብ ምድጃ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ጭሱም ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፣ ስለዚህ ከጣሪያው ሥር ማስወጫ ክፈቺለት። እንጨቱ ይድረቅ። እርጥብ ባህር ዛፍ ከነቅጠሉ የሚያጨሰውን አንቺው ታውቂዋለሽ። ልጁን ደግሞ ለታላቁ ወይም ለጎረቤት ስጪና ጋግሪ፤ ይሄኛው ሳንቲም አያስወጣም። ለባለቤትሽም ንገሪው፣ እሱም አንዳንዴ ልጁን ይያዝ!

እኔ ራሴ ያደግኩት ማድ ቤት ውስጥ ነው። የእናቴ ዓይን ሁልጊዜ ቀልቶ ሲያነባ አይቼ የእናት ዓይን እንዲህ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

«ቡና ሲፈላ የሚጨሰው እጣንስ?» የሚል አጭር መልእክት ከዲያስፖራ ሰፈር ደርሶኛል።

እሱም ጭስ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ማጨሻውን ከሕፃንና አስም ካለበት ሰው አርቁ። ቡናውን ግን ማንም አይከለክላችሁም።

«ልጄ፣ እኛ ህዳር 12 በየዓመቱ ሰፈራችንን ጠርገን ቆሻሻውን እናጥናለን። አባቶቻችን በሽታ ያባረሩበት ነው። አምና የልጅ ልጄ ‹አያቴ፣ በሽታውን እኮ ራስህ ነህ የምታጨሰው› አለችኝ። አዝኛለሁም፣ ስቄያለሁም። ማን ልክ ነው?» ከፋሲሎ

አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብል ይቀየሙኛል?

በ1911 ዓ.ም. ህዳር የገባው ወረርሽኝ፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ አገራችን ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። ቀባሪ ታጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በሽታ ከመጥፎ አየርና ከቆሻሻ ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር ሰፈርን መጥረግና ማጠን ሰው ለራሱ ሊያደርግ ከሚችለው ሁሉ የተሻለው ነበር። መጥረጉ ዛሬም ልክ ነው። የተለወጠው ክምሩ ነው። በእርስዎ አያት ዘመን የሚታጠነው ገለባ፣ ቅጠልና ሣር ነው። አሁን ክምሩን በእንጨት ገለጥ ቢያደርጉት ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ዳይፐር፣ የተበሳ ጫማና የጎማ ቁራጭ ያገኛሉ። ፕላስቲክ በዝቅተኛ እሳት ሲጨስ ደቃቅ ብናኙ ይበዛል፣ አንዳንዱ ዓይነትም ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ እሱ አፈርና ሣር ላይ ያርፋል፣ ላሟ ትበላዋለች፣ በወተቷ ይመለሳል።

በዓመት አንድ ቀን ብቻ ቢሆን እኔም ዝም እል ነበር፣ እውነቴን ነው። አሁን ግን በየሰፈሩ በየማታው ህዳር 12 ሆነብን። ስለዚህ ቀኑ ይከበር፣ ሰፈሩ ይጠረግ፣ ቅጠሉ ጉድጓድ ገብቶ ለጓሮዎ ማዳበሪያ ይሁን፣ ሃይላንዱ ለሚሰበስቡት ልጆች ይሰጥ፣ የቀረው ለቆሻሻ አንሺዎች። ክብሪቱን ይያዙብኝ። የልጅ ልጅዎን ደግሞ ሳሙልኝ።

«ባጃጅ ሾፌር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከሲኖትራክ ኋላ ነኝ። ማስክ ላድርግ? ደግሞ ሰው የኔንም ባጃጅ ጭስ ይሳደባል።»

ማስኩን አድርግ፣ ኤን 95 ካገኘህ እሱን። ከዚያ በላይ የሚጠቅምህ ግን ርቀት ነው፤ ሲኖው ዳገት ሲይዝ ወደ ኋላ ቅር። ተራ ላይ ስትቆም ሞተር አጥፋ፣ ቤንዚንህም ይተርፋል።

ስለ ራስህ ባጃጅ ደግሞ የጭሱን ቀለም እይ። ጠዋት ሲነሳ የምትታይ፣ ቶሎ የምትጠፋ ነጭ እንፋሎት ምንም አይደለችም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፣ ብዙ ጊዜ የፒስተን ፋሻው አልቋል። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፤ ፊልትሮው ተደፍኖ እንደሆነ አሳይ፣ የኛ አቧራ በአጭር ጊዜ ነው የሚደፍነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፣ መንገድ ላይ ያሉት ግን ገና ለዓመታት አብረውን ናቸው፤ ስለዚህ ፋሻህን ቀይር።

«በሰፈራችን አቅራቢያ ያለ ፋብሪካ ሌሊት ሌሊት ጥቁር ጭስ ይለቃል። ያሰጣነው ልብስ ጥቀርሻ ለብሶ ያድራል፣ አሮጊቶቹ ይታፈናሉ። ቀበሌ ሄደን ‹ፋብሪካው እኮ የልጆቻችሁ እንጀራ ነው› ተብለን ተመለስን። ዝም እንበል?» የአምስት ቤተሰብ ፊርማ አለበት

ዝም አትበሉ። እንጀራ የሚያበላ ሁሉ ማፈን ይችላል ያለ ሕግ የለም። ያለው ተቃራኒው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ለእናንተ የሚሆን ነገር አለው፦ ማንኛውም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ብክለት አድራሹን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም የሰጠው ውሳኔ ካላረካችሁ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ቀበሌው አይደለም የምትሄዱበት በር፤ የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ የሃምሳ ገጽ ደብተር ግዙ። ጭሱ የተለቀቀበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ቀለም፣ ሽታ፣ ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደነበር ጻፉ። ያሰጣችሁትን ነጭ ልብስ ማታ ሲሰጣና ጠዋት ሲነሳ ፎቶ አንሱ። ማን ሆስፒታል ሄደ፣ መቼ፣ ምን ተባለ፣ ካርዱንም ያዙ። «ሁልጊዜ ያጨሳል» የሚል ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። «ጥቅምት 19 ሌሊት 8 ሰዓት፣ ጥቁር፣ እስከ 10 ሰዓት» የሚልን ወረቀት ግን መዝጋት ይከብዳል። ሌሊት ሌሊት መለቀቁንም አስምሩበት፤ ከላይ እንዳልኩት በዚህ ወቅት ሌሊት የወጣ ጭስ ቶሎ አይበተንም፣ እናንተው ላይ ነው የሚተኛው።

አምስት ቤተሰብ ጥሩ ነው፣ አሥራ አምስት ቢሆን ይሻላል። ፋብሪካው ውስጥ የሚሠሩ የሰፈር ልጆችንም አታርቋቸው፤ ጭስ ማውጫው ሥር ያሉት እነሱ ናቸው። ማመልከቻችሁን ስታስገቡ መዝገብ ቤት ቀንና ቁጥር አስመቱበት፣ ኮፒውን ያዙ። 30ኛው ቀን መልስ ሳይመጣ ካለፈ ጻፉልኝ፣ 60ውን አብረን መቁጠር እንጀምራለን።